የፓውላ ሥዕሎች፦ ከዎርፕስቬዴ መንደር እስከ ሉሰርን ጨረታ

ፓውላ ቤከር በ1876 ድሬስደን ከተማ ተወለደች (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሰባት ልጆች ሦስተኛዋ ናት። አባቷ የባቡር ሐዲድ መሐንዲስ ሲሆን ቤተሰቡ በ1888 ወደ ወደብ ከተማዋ ብሬመን ተዛወረ። መጽሐፍና ሙዚቃ የማይጠፋበት፣ ገንዘብ ግን የማይተርፍበት ቤት ነበር። አባቷ ሥዕል መማሯን አልከለከለም። ይሁን እንጂ ሴት ልጅ በቀለምና በብሩሽ ራሷን ትችላለች ብሎ ስላላመነ መጀመሪያ መምህርነት እንድትማር አደረገ። ሁለት ዓመት ተምራ በ1895 ፈተናውን አለፈች፤ ልቧ ግን ሌላ ቦታ ስለነበር ወደ ማስተማሩ አልሄደችም።

በዚያን ጊዜ የጀርመን መንግሥት የሥዕል አካዳሚዎች ሴት አይቀበሉም ነበር። በራቸው የተከፈተው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሥዕል ልማር የምትል ሴት ገንዘብ ካላት በግል ከፍላ ትማራለች፤ ከሌላት ሕልሟን ይዛ ትቀመጣለች። ፓውላ በ1896 በርሊን ሄዳ የሴት ሠዓሊያን ማኅበር በከፈተው ትምህርት ቤት ገባች። ከዘመድ በተገኘ ድጋፍና በእናቷ ብርታት እዚያ ቆየች። በ1898 ደግሞ ከብሬመን ብዙም ወደማይርቀው ዎርፕስቬዴ ወደተባለው መንደር መጣች።

ዎርፕስቬዴ ረግረጋማ አገር ነው። ገበሬው ከረግረጉ ጥቁር አፈር እየቆረጠና እያደረቀ ለማገዶ ይሸጣል፤ ውሃው ጠቆር ያለ፣ ሰማዩ ሰፊ፣ በየቦዩ ዳር ነጫጭ የበርች ዛፎች የቆሙበት። ከከተማ ግርግር የሸሹ ሠዓሊያን በዚያ ሰፍረው ጀምበር ስትጠልቅና ዛፍ በውሃ ላይ ሲያጠላ እየሣሉ ስም አግኝተው ነበር። ፓውላ ከእነርሱ አንዱ ወደሆነው ወደ ፍሪትስ ማኬንዘን ዘንድ ለትምህርት ሄደች። እሷ ግን ዓይኗን የጣለችው በሰዎቹ ላይ ነበር። በመንደሩ የድኾች መጦሪያ የሚኖሩ አሮጊቶችን፣ ታናናሾቻቸውን አቅፈው የሚውሉ የገበሬ ልጆችን፣ ሕፃን የምታጠባ እናትን እያስቀመጠች ትሥላለች። የምትሥለው ፊት ምሬትም ልመናም የሌለበት፣ እንደ ዛፍ ግንድ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ፊት ነው። የልብ ጓደኛዋን ቀራፂዋን ክላራ ቬስትሆፍን ያገኘችውም በዚሁ መንደር ነው።

በ1899 ታኅሣሥ አንዳንድ ሥራዎቿ በብሬመን የሥዕል ሙዚየም ቀረቡ። አርቱር ፊትገር የሚባል ሠዓሊና ባለቅኔ በከተማው ጋዜጣ ላይ ብዕሩን አነሣባቸው። የተቸው እንዳይመስላችሁ፤ ማጥላላትና መጸየፍ ነበር። ለከተማው ትልልቅ ቤቶች የሚጽፍ ሰው ስለነበር ቃሉ ሰሚ አገኘ፤ የቤከር ቤተሰብም አንገቱን ደፋ። የሃያ ሦስት ዓመቷ ልጅ መልስ አልጻፈችም። በዘመን መለወጫው ዋዜማ፣ አሮጌው ክፍለ ዘመን ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በባቡር ተሳፍራ ወደ ፓሪስ ሄደች።

ፓሪስ ላይ ኮላሮሲ በተባለው የግል አካዳሚ ሴቶችም እርቃን ሰው ፊት ለፊታቸው አስቁመው ይማሩ ነበር። ጠዋት ትሥላለች፣ ከሰዓት በኋላ ሉቭር ሙዚየም ትውላለች። አንድ ቀን አምብሯዝ ቮላር በተባለው ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ የሴዛንን ሥዕሎች አገላብጣ አየች። ያኔ ሴዛን በጀርመን ገና የሚያውቀው የሌለ ያህል ነበር። ፓውላ ግን እሷ በረግረጉ መንደር ብቻዋን ስትፈልገው የከረመችውን ነገር ሌላ ሰው ቀድሞ እንደደረሰበት ወዲያው ገባት። ክላራን ጎትታ ወስዳ አሳየቻት።

ወደ መንደሩ ስትመለስ፣ በዚያው ዓመት ሚስቱ የሞተችበትን ሠዓሊ ኦቶ ሞደርዞንን ልታገባ ታጨች። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል፣ ትንሽ ሴት ልጅም አለችው። ከሠርጉ በፊት ቤተሰቧ የወጥ ቤት ሙያ እንድትማር በርሊን ላካት፤ ጥቂት ሳምንታት ተምራ ጥላው መጣች። በ1901 ግንቦት ተጋቡ። ኦቶን ክፉ ባል አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እሱ በማስታወሻው ላይ ከዎርፕስቬዴ ሠዓሊያን ሁሉ እሷን አስበልጦ የጻፈ፣ ከመንደሩ ማንም ሳይረዳት ችሎታዋን ያወቀ ሰው ነው። ነገር ግን ያኛው ቤት ምሳ፣ እንግዳና የእንጀራ ልጅ ያለበት ቤት ነበር። እሷ በአንድ ገበሬ ቤት የተከራየቻት ትንሽ ክፍል ደግሞ ነበረች። ሥዕሏ የተሠራው በዚች ክፍል ነው፤ ልቧም የምትሆነው እዚያው ነበር።

በ1903 እንደገና ፓሪስ ሄደች። በዚህ ጉዞ ሉቭር ውስጥ ከግብፅ የፋዩም መቃብሮች የወጡ ጥንታዊ የፊት ምስሎች አየች። በሮማውያን ዘመን የነበሩ የግብፅ ነዋሪዎች የሟቹን ፊት እንጨት ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በሰም በለወሱት ቀለም፣ ሥለው ከሬሳው ጋር ይገንዙት ነበር። ትልልቅ ዓይኖች፣ የቀረበ ፊት፣ ጥቂት ቀለም። ፓውላ ከዚያ በኋላ የምትሥለው ፊት ሸራውን ከዳር እስከ ዳር እየሞላ መጣ። ቀለሙን ትደራርበዋለች፣ ሳይደርቅ በብሩሹ እጀታ ትቧጭረዋለች። ሥዕሉን በቅርብ ስታዩት እንደ ግድግዳ ልስን ሸካራ ነው። ይህን የምታደርገው ለጌጥ አልነበረም፤ ነገሩ ራሱ በእጅ የሚዳሰስ እንዲመስል ነው።

የሚገዛት ግን የለም። በሕይወት ዘመኗ የሸጠቻቸው ሥዕሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ገዢዎቹም ወዳጆቿ ነበሩ። ክላራን ያገባው ባለቅኔ ራይነር ማሪያ ሪልከ በ1905 መጨረሻ አንድ ሕፃን ከእናቱ እጅ ጋር የሚታይበትን ሥዕል ገዛት። የዚያ ዘመን ወንድ ባለቅኔ የአንዲትን ወጣት ሴት ሥዕል ከልቡ አምኖ ገንዘቡን ማውጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ቀድሞ ግን ስለ ዎርፕስቬዴ ሠዓሊያን በጻፈው መጽሐፍ ስሟን እንኳ አላነሣም ነበር።

በ1906 የካቲት ፓውላ ባሏን ትታ ፓሪስ ገባች። ለብቻዋ ልትኖር ወስናለች፤ መኖሪያ የሚሆናትን ግን ከዚያው ከኦቶ ዘንድ በደብዳቤ ትጠይቃለች፣ እሱም ይልክላታል። ይህ ሁለቱንም ያቆሰለ ነገር ነበር። ቀራፂው ቤርንሃርት ሆትገር የሠራችውን አይቶ ታላቅ ሥራ ነው ሲላት አለቀሰች፤ ከቤተሰብና ከመንደር ውጪ ያለ የጥበብ ሰው እንዲህ ሲላት የመጀመሪያው ነበርና። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት እንደ እሳት ሠራች።

የሠርጓ መታሰቢያ በሆነው ግንቦት 25 ቀን እርቃኗን፣ እጆቿን ሆዷ ላይና ከሆዷ በታች አድርጋ፣ እንደ ነፍሰ ጡር ራሷን ሣለች፤ ያን ጊዜ ግን አልፀነሰችም። በሥዕሉ ላይ ያሰፈረችው ፊርማ የባሏ ስም የሌለበት የሁለት ፊደል ምልክት ነው። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች በምዕራቡ ዓለም አንዲት ሴት ሠዓሊ እርቃኗን ራሷን የሣለችበት የመጀመሪያው የሚታወቅ ሥራ ይህ ነው ይላሉ። በዚያው በጋ ሌላ ሣለች፤ ይህ ጽሑፍ የሚከተለውም ይህን ሁለተኛውን ነው። ከወገቧ በላይ እርቃኗን ናት። አንገቷ ላይ ደረቷ ድረስ የወረደ የአምበር ድሪ አለ፤ ፀጉሯ ላይ አበባ ተሰክቷል፣ አበባ በእጇም ይዛለች። ከኋላዋ የበዛ ቅጠል። ለሚያያት ልትታይለት የተቀመጠች አትመስልም፤ ራሷን መርምራ የጨረሰች ሴት ትመስላለች።

በመከር ኦቶ ወደ ፓሪስ መጣ፤ ክረምቱን አብረው ከረሙ። በ1907 ጸደይ ነፍሰ ጡር ሆና ወደ ዎርፕስቬዴ ተመለሰች። ኅዳር 2 ቀን ማቲልደ የተባለች ሴት ልጅ ወለደች። ምጡ ከባድ ስለነበር ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሣ አዘዘ። በኅዳር 20 ቀን እንድትነሣ ተፈቀደላት፤ ፀጉሯን ተጎንጉና አበባ ሰካች፣ ቤቱ ሻማ በራለት። ጥቂት ተራምዳ ተቀመጠች፣ ልጇን አምጡልኝ አለች፣ ወዲያው እግሯን አሞኛል ብላ ወደቀች። ከእግር ተነሥቶ የመጣ የረጋ ደም ነበር የገደላት። የመጨረሻ ቃሏ «ያሳዝናል» የሚል እንደነበር የነበሩት ሰዎች ተናግረዋል። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር።

ኦቶና ጓደኛቸው ሃይንሪኽ ፎገለር ክፍሏን ሲከፍቱ የሚያዩትን ማመን አቃታቸው። ከ700 በላይ ሥዕሎችና ከ1,000 በላይ ንድፎች ተገኙ። አብዛኛውን ለማንም አላሳየችም፤ ይህ ሁሉ በአሥር ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ሪልከ በዓመቱ ስሟን ሳይጠራ የሙሾ ግጥም ጻፈላት። የብሬመን ሙዚየም ኃላፊ የነበረው ጉስታፍ ፓውሊ በ1906 ሥዕሎቿን አውጥቶ በማሳየት በጋዜጣም ደግፏት ነበርና፣ በ1919 ስለ እሷ የመጀመሪያውን ጥናታዊ መጽሐፍ ከሥዕሎቿ ዝርዝር ጋር አሳተመ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1917፣ ደብዳቤዎቿና የዕለት ማስታወሻዎቿ ታትመው በሺዎች ቤት ገብተው ነበር። ሥዕሏን አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር በደብዳቤዎቿ ወደዳት። የሐገኑ ባለሀብት ካርል ኤርንስት ኦስትሃውስ ለፎልክቫንግ ሙዚየሙ የካሜሊያ ቅርንጫፍ ይዛ የሣለችውን የራሷን ምስል ገዛ። በሃያዎቹ ዓመታት ብዙ የጀርመን ከተሞች ሙዚየሞች ሥራዎቿን በግድግዳቸው ሰቀሉ።

በ1927 ደግሞ ካፌይን የወጣለት ቡና በመሸጥ የበለፀገው የብሬመን ነጋዴ ሉድቪሽ ሮዘሊዩስ በበትሸር ጎዳና ላይ በስሟ ሙዚየም አስከፈተ። ሕንፃውን የሠራው ያ ፓሪስ ላይ ያስለቀሳት ሆትገር ነው። በዓለም ላይ ለአንዲት ሴት ሠዓሊ ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሙዚየም መሆኑ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ይህች ሴት ሥዕል ሸጣ መኖር አልቻለችም።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ያዙ። ሮዘሊዩስ ራሱ የእነርሱ ደጋፊ ቢሆንም አላዳነውም፤ ሂትለር በ1936 የኑረንበርግ ጉባኤ ላይ የበትሸር ጎዳናን ጥበብ በስም ጠርቶ አወገዘ። ፓውሊ በ1933 ከሥራው ተባሮ ነበር። በ1937 በጋ የመንግሥት ቡድኖች በየሙዚየሙ እየዞሩ «የዘቀጠ ጥበብ» ያሉትን ሁሉ ከግድግዳ አወረዱ። ከ100 በላይ ሙዚየሞች 20,000 ያህል ሥራዎች ተወሰዱ፤ ከእነዚህ 70 ያህሉ የፓውላ ነበሩ። የካሜሊያዋ የራስ ምስልም ተወሰደች። እናቶችን፣ ገበሬዎችን፣ የጀርመን መንደርን የሣለች ሴት ናት። በቃላቸው ገበሬንና እናትን የሚያወድሱት ሰዎች የእሷን ገበሬና የእሷን እናት ሲያዩ ግን ተጸየፉ፤ የሚፈልጉት ፈገግ ያለችና የተዋበች ሴት ነበረቻ።

ከዚያ የሆነውን ሳነብ ሁሌም የሚያስቆጣኝ ስሌቱ ነው። ለሕዝብ እርባና ቢስ ነው ያሉትን ለውጭ ገዢ ዋጋ አውጥተው ሸጡት። በ1938 ግንቦት 31 የወጣው ሕግ መንግሥት የወሰደውን ያለ ምንም ካሳ የራሱ እንዲያደርግ ፈቀደ። አራት ነጋዴዎች ለሽያጭ ተመረጡ፤ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል የተባለው ሥዕል ተለይቶ በርሊን ዳር በሚገኘው በሾንሃውዘን ቤተ መንግሥት ተከማቸ። የተረፈውን ገዢ የማያገኝ ያሉትን ደግሞ በ1939 መጋቢት በበርሊን ዋና የእሳት አደጋ ጣቢያ ቅጥር ግቢ አቃጠሉት። የራሳቸው ሰነድ ከ1,000 በላይ ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ፣ ከ3,800 በላይ የወረቀት ሥራ ይላል።

ከተለዩት መካከል 125 ሥራዎች ለስዊሱ አጫራች ለቴዎዶር ፊሸር ተሰጡ። ከእነዚህ አንዱ የአምበር ድሪ ያጠለቀችበት የፓውላ የራስ ምስል ነበር። ሥዕሎቹ በቅድሚያ ዙሪክ፣ ቀጥሎ ሉሰርን ለዕይታ ቀረቡ። ሐሜቱ ከካታሎጉ ቀድሞ ተሰራጨ፦ የሚከፈለው ገንዘብ ጥይት ይሆናል። አጫራቹ ገቢው ለጀርመን ሙዚየሞች ይውላል እያለ ቢያስተባብልም እውነቱ ያ አልነበረም፤ ሙዚየሞቹ ከገንዘቡ ምንም አላገኙም። ከውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች፣ በተለይም ከጀርመን ተሰደው የወጡት፣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዳንዱ ለናዚ አንድ ሳንቲም አልሰጥም አለ። ሌላው ሥዕሉ እሳት ከሚበላው ቢገዛ ይሻላል አለ።

ሰኔ 30 ቀን 1939 በሉሰርን ሐይቅ ዳር በሚገኘው ግራንድ ሆቴል ናሲዮናል ከ300 በላይ ሰዎች ተሰበሰቡ። ቫን ጎህ ራሱን የሣለበት ሥዕል፣ ከሚዩኒክ የተወሰደው፣ በ175,000 የስዊስ ፍራንክ ተሸጦ የቀኑን ከፍተኛ ዋጋ አገኘ። የቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ ፒካሶንና ጎጋንን ጨምሮ ዘጠኝ ሥዕሎች ይዛ ሄደች። አሜሪካዊው ጆሴፍ ፑሊትዘር ከማቲስ ሥራዎች አንዱን ገዛ። ብዙ የጀርመን ሠዓሊያን ሥራ ግን ዋጋው ወርዶ፣ ጥቂቱም ገዢ አጥቶ ወደ ሻጩ ተመለሰ። ጠቅላላ ገቢው ግማሽ ሚሊዮን ፍራንክ ያህል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ጦርነቱ ፈነዳ።

በአዳራሹ ውስጥ የባዝል ሙዚየም አዲሱ ኃላፊ ጌዮርግ ሽሚት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በርሊን ሄዶ መጋዘኑን በዓይኑ አይቷል። ከባዝል ከተማ መንግሥት 100,000 ፍራንክ ጠይቆ የተሰጠው 50,000 ነው። በዚያ ገንዘብ ከጨረታው ስምንት፣ ከበርሊን በቀጥታ ደግሞ አሥራ ሦስት ሥራዎች ገዛ። በጨረታው ካገኛቸው ስምንቱ ውስጥ የሻጋል፣ የክሌ፣ የዲክስና የማርክ ሥራዎች ይገኙበታል፤ የፓውላ የራስ ምስልም ከእነርሱ ጋር ወደ ባዝል ሄደ። ከተማው ውስጥ ይህን ግዢ የተቃወሙ ጥቂት አልነበሩም፣ አንዳንዱ በገንዘቡ፣ አንዳንዱ በሥዕሉ ዓይነት። እኔ ሽሚት ልክ ነበር እላለሁ። ገንዘቡ የማን ኪስ እንደገባ ያውቃል፤ ግን የእሳት አደጋ ጣቢያውን ቃጠሎም የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ምርጫው ከንጹሕና ከቆሻሻ መካከል አልነበረም። የሊዬዥ ሰዎችም እንዲሁ ነው የማስባቸው። አልገዛም ያሉትንም ግን አልወቅስም፤ ወንድሞቻቸው በእስር ቤት ነበሩና።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩ እንዲህ ተጠናቀቀ ማለት አይቻልም። አሸናፊዎቹ መንግሥታት የ1938ቱን ሕግ አልሰረዙትም፤ ስለዚህ ከሕዝብ ሙዚየሞች ተወስደው የተሸጡት ሥራዎች ሽያጭ ሕጋዊ ሆኖ ጸና። በጀርመን ያሉ ሙዚየሞች በነፃ የተነጠቁትን መልሰው ካገኙ በገንዘባቸው ገዝተው ነው። የካሜሊያዋ የራስ ምስል ዛሬ በኤሰን ከተማ በፎልክቫንግ ሙዚየም ተሰቅላለች፤ የአምበሯ ደግሞ በባዝል ቀርታለች። የበትሸር ጎዳና ሙዚየም በ1944 በቦምብ ተመትቶ ከጦርነቱ በኋላ ዳግም ተሠርቷል።

እናቷን በአሥራ ስምንት ቀን ዕድሜዋ ያጣችው ማቲልደ ሞደርዞን እስከ 1998 ኖረች። በ1978 በእናቷ ስም ማኅበር አቋቁማ ከ50 በላይ ሥዕሎችንና 500 ያህል ንድፎችን አስረከበች። የሥዕሎቹ የተሟላ ዝርዝር ሥራም በሞተችበት ዓመት ታትሞ ወጣ፤ የፓውላን ሥራ ገበያ ላይ የሚያቀርብ ሁሉ ዛሬም ከዚያ ቁጥር ጠቅሶ ነው የሚነሣው። በ2016 ፓሪስ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሟ ሰፊ ዐውደ ርእይ አዘጋጀችላት፤ በወጣትነቷ አራት ጊዜ የመጣችበት፣ ማንም ያላወቃት ከተማ። በ2017 ሁለት የኒው ዮርክ ሙዚየሞች አንድ የራሷን ምስል በጋራ አስገቡ፤ በግራ እጇ ሁለት አበባ ይዛ በ1907 የሣለችው ነው። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ ሙዚየም የተዘጋጀላት የመጀመሪያው ሰፊ ዐውደ ርእይ ኒው ዮርክ ላይ ተከፍቶ ወደ ቺካጎ ተሻገረ።